ፊቷ ሱቁ ውስጥ ቀረ

በደሉ ይኸ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ልጻፈው፣ ሌላውን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። የልጅ ልጄ ባሕር ውስጥ ሞታ ሳለ መካነ ሰላም ያለ አንድ ሱቅ በስልክ ገጹ ላይ በሷ ፊትና በሷ አነጋገር ሰው እያናገረ ዕቃውን ሲሸጥ ከረመ። ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲላት ሱቁ "አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ" እያለ መለሰ። በዚህ የተነሳ የመስጊዱ ሰው ተሰልፎ ሳለ ሶላቷ ተቋረጠ። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ከመንገድ ተመለሰ። እናቷም ሀዘን ሳትቀመጥ ቀረች። ማንም ይቀጣልኝ አላልኩም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቱ መሞቷ እዚያው ገጽ ላይ እንዲጻፍ።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው በኩል ነው። ደጋ ነው። በግ እናረባለን፤ ሴቱ ፀጉሩን ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል። ለብርድ የሚደረብ ባና እንሠራለን፣ ዝተት እንሠራለን፣ ለሶላት የሚነጠፍ ሰጋጃ እንሠራለን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት አባቴ ቤት ቁርአን መቅራት ትንሽ ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ የቀረኝን ያስተማረችኝ ይህችው የልጅ ልጄ ናት፤ ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ ማንበብን ጨምሮ።

አባቷ የሞተው ገና ታዝላ ሳለች ነው። እኔና እናቷ፣ የኔው ልጅ፣ ሆነን አሳደግናት። አሥረኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ነጥቡ አልመጣላትም። ያን ጊዜ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ወይ ተደራጅቶ ኮብልስቶን ይፈልጣል፣ ወይ ወደ ዓረብ አገር ያማትራል። እሷ መካነ ሰላም ሱቅ ገባች። ባለሱቁ የኛው አገር ሰው ነው፤ ከየመንደሩ ባናና ሰጋጃ እየገዛ ለደሴና ለአዲስ አበባ ነጋዴ የሚያስረክብ። በኋላ ንግድ ፈቃዱን አስፍቶ ድርጅት ነኝ አለና ትልቅ ሰሌዳ አሠርቶ ሰቀለ። የድርጅቱ ስም በቀይ ተጽፎ ከጎኑ በግ ተስሎበታል። ሠዓሊው በግ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

"እማ፣ ገበያተኛው እኮ ውሻ የምንሸጥ መስሎት ነው የማይገባው" አለችኝ አንድ ቀን። እኔን "እማ" ነበር የምትለኝ።

"ለጌታሽ ንገሪው።"

"ነገርኩት። 'ቀንድ እናስጨምርበታለን' አለኝ።"

ባለሱቁ በስልክም ገጽ አስከፍቶ ነበር፤ በድርጅቱ ስም። ተጣጥፈው የተደረደሩ ባናዎች ፎቶ ይለጠፍበታል፤ ከሥሩ "ዋጋ በውስጥ መስመር" ይላል። የሚያየው የለም። እሷ ደግሞ በገዛ ስልኳ፣ በራሷ ስም፣ የራሷን ከፈተች። ማንም አላዘዛትም። ከሥራ መልስ ቤታችን ትመጣና ስልኩን ፊቴ ትደቅናለች።

"እማ፣ እንዝርቱን አሹሪው። ወደኔ አትዪ።"

"ወዲያ! በስተርጅና ልታሰድቢኝ ነው?"

"ሳውዲ ያሉት እጅሽን ሲያዩ ያለቅሳሉ።"

"ለምን ያለቅሳሉ? የነሱን ፀጉር አልሰረቅሁ!"

ይህን ያልኩትንም ሳይቀር ገጹ ላይ አወጣችው። ሰው ሁሉ ሳቀ አሉ። ጅዳ ያሉ የወረኢሉ ልጆች፣ ቤይሩት ያሉ፣ አዲስ አበባ ያሉ፣ "እኒያ አሮጊት የፈተሉትን ላኪልን" እያሉ ጻፉላት። ማለዳ ስትቀርብ "አሰላሙ አለይኩም ወገኖቼ፣ ደህና አደራችሁ ወይ" ብላ ትጀምራለች። ክርስቲያኑም እስላሙም መልስ ይሰጣታል። ከዚያ ባናውን ትዘረጋና ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው፣ የየትኛው ቀበሌ በግ እንደሆነ ትናገራለች። ነውሩንም አትደብቅም። "ይኸኛው ጠርዙ ላይ ሳስቷል፤ ለጉልበት እንጂ ለአልጋ አይሆናችሁም" ትላለች። ባለሱቁ ይህን ሲሰማ ጮኸባት፤ የገዛ ዕቃችንን ታሳጪያለሽ አላት። የሳሳው ባና ግን በማግስቱ ተሸጠ። ሰው ያመናት ለዚህ ነው።

ነገሩ የከረረው ሰው ሱቁን ትቶ እሷን መጠየቅ ሲጀምር ነው። ገበያ ቀን ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ይመጣና "ያቺ ልጅ የለችም ወይ?" ይላል። ባለሱቁ በገዛ ሱቁ ቆሞ "እኔ አለሁ፣ ምን ልታዘዝ?" ይላል። "ግዴለም፣ እሷ ስትመጣ እመለሳለሁ።" እንዲህ ያለው ነገር አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ደረሰበት። አፉን ሞልቶ ድርጅት ነኝ ያለ ሰው ነው፤ ልቡ ቆሰለ።

"ገጹን በድርጅቱ ስም አድርጊው" አላት።

"የድርጅቱ ገጽ አለ አይደለም?"

"እሱን ማን ያየዋል!"

"እና የሚታየው የኔ ስለሆነ ነው?"

"ዕቃው የማን ነው? የምታሳዪው የኔን ባና አይደለም ወይ? ቆመሽ የምታወሪው እኔ ሱቅ ውስጥ አይደለም ወይ?"

እሷ አልሰጠችውም፣ እሱም አልተወም። ሽማግሌ ጠራባት።

የተሰበሰቡት መስጊዱ ሥር ካለው ወይራ ሥር ነው። ሦስቱም ሽማግሌዎች የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ የመሬት ጠብ፣ የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ የሚፈቱ። እናቷን ቤት አስቀምጬ እኔው ሄድኩ፤ እናቷ ሰው ፊት ቃል አይወጣትም። ትልቁ ሽማግሌ ጠየቁ፤ "ገጽ የምትሉት ምንድነው?"

ባለሱቁ ቀደም አለ። "ቦታ ነው፣ አባባ። ሰው የሚገበያይበት ቦታ።"

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው የተሠራው። ቦታ ሲላቸው መሬት ታያቸው። መሬት ከሆነ ፍርዱን ያውቁታል፤ ሲፈርዱት የኖሩት ነው። የእኩል አራሽና ባለመሬት ሲለያዩ አራሹ የድርሻውን እህል ይወስዳል፣ በሬውን ነድቶ ይሄዳል፤ መሬቱ ግን ለባለቤቱ ይቀራል። አራሹ ያለማው፣ ድንጋዩን የለቀመው እሱ ነው ተብሎ መሬቱን ጠቅልሎ አይሄድም። ሥራዋን እስከሠራች ድረስ ሁለታችሁም ያዙት፣ ስትለያዩ ለሱቁ ይቅር አሉ። ባጠገቡ ሌላ እንዳትከፍትም ከለከሉ፤ የተለያየ አራሽ በድንበር ላይ አያርስም ብለው።

እኔ ከዳር ተቀምጬ ነበር። ተነሳሁ። "ቦታው ላይ ያለው ፊቷ ነው" አልኩ። "አራሽ ሲሄድ ፊቱን ለባለመሬቱ ትቶ ነው የሚሄደው?"

ትልቁ ሽማግሌ ሳቁ። "አንቺ ሴት፣ ፊቷ ይኸው እሷው ላይ አለ! ማን ወሰደባት?"

የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ባለሱቁም ሳቀ። የልጅ ልጄ ራሷ ፈገግ አለች፤ ሽማግሌ ሲስቅ አብሮ ካልተሳቀ ነውር ነው። ከዚያ ለዱዓ እጃቸውን አነሱ። ሽማግሌ እጁን ካነሳ በኋላ እኛ ዘንድ እምቢ አይባልም። "አሚን" አለች። የይለፍ ቃሉንም ያን ጊዜውኑ ለባለሱቁ ነገረችው።

እኔ "አሚን" አላልኩም። የተቀመጠ ሁሉ ሰምቶኛል፤ አለማለቴን ማለቴ ነው።

ባለሱቁ ያደረገውን በትክክል ልናገር፣ አልዋሽበትም። ወዲያው አላባረራትም። መጀመሪያ የገጹን ስም ወደ ድርጅቱ ስም ለወጠ፤ ፎቶዋን ግን አልነካም። የድሮ ንግግሮቿንም አልነካም። ቀጥሎ ሌላ ልጅ ቀጠረ፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች፣ ጽሑፏ የሚያምር። የመጀመሪያ ሥራዋ የልጅ ልጄ ከሰው ጋር እንዴት እንደምትጻጻፍ ማጥናት ነበር። ከዚያ በኋላ ሱቁ የልጅ ልጄን እንደማይፈልጋት ለባለሱቁ ታየው። ፊቷ አለ፣ አነጋገሯ አለ። የቀረው እሷው ነበረች፤ እሷ ደግሞ ደመወዝ ትጠይቃለች፣ ምሳ ትወጣለች፣ ዕቃው ሲሳሳ ሳስቷል ትላለች። "ለጊዜው ሥራ ቀዝቅዟል" አላት። የይለፍ ቃሉንም ለወጠው።

ቤት ገባች። ከኔ ጋር እየፈተለች ክረምቱን አሳለፈች። ኔትወርክ የሚይዘው ከመስጊዱ ደጅና ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ወጥታ ትመለሳለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች።

"እማ፣ ዛሬ ምን እንዳልኩ ስሚ።"

"ምን አልሽ?"

"'ወገኖቼ፣ ለዒድ የሚሆን ሰጋጃ ገብቷል፣ በእጄ ነው የመረጥኩላችሁ' ብያለሁ።" ሳቀች። "እኔ እዚህ ፀጉር እየለቀምኩ እዚያ ደግሞ እየሸጥኩ ነው። ከኔ እሷ ትሻላለች፤ እሷ ሥራ አላት።"

"ለምን ለሰው አትነግሪያቸውም? እዚያው ላይ ጻፊ። እኔ አይደለሁም በይ!"

"ጻፍኩ። አጠፉትና እንዳልጽፍ ዘጉኝ።"

"የራስሽን በር?"

"የራሴን በር።"

መስከረም ላይ ደሴ ሥራ ልፈልግ ብላ ሄደች። ደሴ አልቆየችም። ከጎረቤት ቀበሌ ልጆች ጋር በአፋር አድርጋ ወደ ጅቡቲ ወረደች፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ ነበር ሐሳባቸው። ይህን ሁሉ የሰማነው በኋላ ነው።

መርዶ እኛ ዘንድ ሰው ሳይነቃ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰብሰብ ብሎ ተመጥቶ ነው የሚነገረው። ውሻው ሲጮህ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ከበሩ ቆመዋል፤ ከኋላቸው አንዲት ልጅ በነጠላ ተሸፍና አለች። ያን ጊዜ አወቅሁ። ልጅቱ ከጀልባው የተረፈች ናት፤ ጅቡቲ ላይ ይዘው መልሰዋታል። ጀልባዋ ስትገለበጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደነበር፣ ውኃው እንደለያያቸው፣ የልጅ ልጄ ስትሰምጥ በዓይኗ እንዳየች ተናገረች። አብረው የመጡት የመስጊዱ ሼህ "በዓይንሽ ነው? ሰው ነግሮሽ አይደለም?" ብለው ጠየቋት። "በዓይኔ ነው" አለች። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ሼሁ ለጁምዓ የሩቅ ሟች ሶላት እንደሚሰገድላት ነገሩን። ለዘመድ ሁሉ ተላከ።

ልጄ፣ የሟቿ እናት፣ ያን ቀን አላለቀሰችም። ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። እኔ አለቀስኩ።

ጁምዓ ዕለት የመስጊዱ ግቢ ሞላ። እኛ ሴቶቹ ከአጥሩ ወዲህ ነን። የጁምዓው ሶላት አለቀ፤ ሼሁ ለሷ ሊያሰግዱ ወደ ፊት ወጡ፤ ወንዶቹ ተሰለፉ። ሼሁ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሲያነሱ ከሰልፉ መሐል ሰው ጮኸ።

"ሼሃችን! ቆዩ! ልጅቱ ዛሬ ጠዋት ጽፋለች!"

ከከላላ የመጣ የአክስቷ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው፣ አስተማሪ። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞታል። አንድ ሰው ገጹ ላይ "እህታችን ጠፋሽብን፣ ደህና ነሽ ወይ?" ብሎ ጠይቋታል። ከፎቶዋ አጠገብ መልሱ አለ፤ "አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ወገኖቼ፣ አዲስ ሰጋጃ ገብቷል፣ ብቅ በሉ።"

ሼሁ እጃቸውን አወረዱ። "በሕይወት ላለ ሰው አይሰገድም" አሉ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ልጄ በአጥሩ ተንጠልጥላ ስልኩን ተቀበለችና ሳመችው፤ መስተዋቱን በነጠላዋ እየጠረገች ደግማ ሳመችው። በበቅሎ እየመጡ የነበሩ የከላላ ዘመዶች መንገድ ላይ "ደህና ናት፣ ተመለሱ" ተብለው ተመለሱ። ያቺን የተረፈች ልጅ ውሸታም አሏት፣ ሟርተኛ አሏት፤ አንዷ ፊቷ ላይ ተፋችባት። ልጅቱ ነጠላዋን ተከናንባ በኋላ በር ወጣች።

እኔ "ሱቁ ነው! የሚጽፈው ሱቁ ነው!" እያልኩ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? "በሷ ፎቶ ሱቅ እንዴት ይናገራል?" አሉኝ። ያን ፍርድ የፈረዱት ሽማግሌ እንኳ እዚያው ቆመው "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። ልጄ ዘወር ብላ አየችኝ።

"እምዬ፣ ልጄ እንድትሞት ነው የምትፈልጊው?"

የአክስቷ ልጅ ደግ ሰው ነው፤ ከልጇ ጋር ትገናኝበት ብሎ ስልኩን ለልጄ ትቶላት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ጠዋት ጠዋት ጉብታው ላይ ትወጣ ጀመር። ነጠላዋን አልዘቀዘቀችም፣ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣውንም ከበር ትመልሰዋለች።

በገበያ ቀን መካነ ሰላም ወረድኩ። ባለሱቁ ሲያየኝ ወንበር አመጣ።

"እማማ፣ ይቀመጡ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅቱ ደህና ናት ሲሉ ሰማሁ።"

"ማን ነው ደህና ናት ያለህ?"

ወንበሩን ይጠርግ ጀመር።

"ጠየቅሁህ እኮ። ገጹ ላይ 'ደህና ነኝ' ያለው ማን ነው?"

"እማማ፣ ይኸ ነገር ብራንድ ይባላል። ልጅቱ ሌላ ናት፣ ብራንዱ ሌላ ነው። ገጹ ላይ የሚናገረው ድርጅቱ ነው።"

"ድርጅት አልሐምዱሊላህ ይላል?"

"ያው የአነጋገር ነገር ነው። ደንበኛው የለመደው እንደሱ ነው።"

"ደንበኛው የለመደው እሷን ነው! ድርጅቱን ከለመደ ያንን ውሻ የመሰለ በግህን ለጥፈህ ደህና ነኝ አታስብለውም?"

ከበር የቆሙት ገበያተኞች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ሞታለች ብሎ ቢጽፍ ሰው ከገጹ እንደሚሸሽ፣ የሚፈትሉት የየመንደሩ ሴቶች ሁሉ ገበያ እንደሚያጡ፣ እኔም አንዷ እንደሆንኩ ነገረኝ። ደግሞም ሬሳ ያላየ ሰው ሞታለች ብሎ እንዴት ይጽፋል? ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም።

"የኔን ፈትል ከዛሬ ጀምሮ አትሸጥም" አልኩት። "እጄም ያለበት ምስል አለህ። እሱንም አውርድ።"

"የእጅ ምስል ባለቤት የለውም፣ እማማ።"

ስወጣ ያቺ የምትጽፈው ልጅ ከጀርባ፣ ከዕቃ ክምሩ መሐል ቆማ አየኋት። ቀጭን ልጅ ናት። ስልኩ እጇ ላይ ነው። ባለሱቁ ዞር ሲል ወደኔ ጠጋ አለች።

"እማማ፣ እውነት ሞታለች?"

"በዓይኗ ያየች ልጅ አለች።"

"እኔ አላውቅም ነበር። ወላሂ አላውቅም ነበር። ሳውዲ ደርሳለች ብሎኝ ነው።" ስልኩን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች። "ያን ቀን ጠዋት የመለስኩት እኔ ነኝ።"

"ይህን ሼሁ ፊት ትናገሪያለሽ?"

"ያስወጣኛል።"

"ያስወጣሻል" አልኳት። አልዋሸኋትም።

በሚቀጥለው ጁምዓ መጣች። ብቻዋን፣ ከመካነ ሰላም በእግሯ። ከመስጊዱ በር ላይ ቆማ የሱቁን ስልክ አሳየች፤ የምትጽፈው እሷ መሆኗ እንዲታወቅ እዚያው ሁሉ እያየ በልጅ ልጄ ፎቶ ሥር አንድ ቃል ጻፈች። ሰው ሁሉ በየስልኩ አየው። የአክስቷ ልጅም አየው፤ ራሱን በእጁ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሼሁ ሁለተኛ አልጠየቁም። ሰልፍ አስይዘው ሰገዱላት፣ አላህ ይርሐማት። ያቺን የተረፈች ልጅ ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ የጠየቋት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። የተፋችባት አልሄደችም።

ልጄ ያን ቀን መስጊድ አልመጣችም። ጉብታው ላይ ነበረች።

ሶላቱ ተሰገደ እንጂ ገጹ መናገሩን አልተወም። ባለሱቁ ያቺን ልጅ አስወጥቶ ራሱ መጻፍ ጀመረ፤ ፊደል ይገድፋል እንጂ "ወገኖቼ" ማለቱን ያውቅበታል። ዘመድ ይጠይቃል፣ ሞታለች የተባለችው ታዲያ ማናት ይባላል፣ አንዱ ያምናል አንዱ አያምንም። የከላላዎቹ ተመልሰው አልመጡም። እኔ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ደጃቸው ሄጄ "የፈረዳችሁትን ተመልከቱት" አልኳቸው። ሦስቱንም። አንዱ ታምሜያለሁ አለኝ፤ "እጠብቃለሁ" ብዬ ከደጁ ተቀመጥኩ። ወጣ።

እዚያው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ባለሱቁ መጣ። ትልቁ ሽማግሌ በዚህ ጊዜ አልሳቁም።

"ቦታ ነው ብለኸን ነበር" አሉት። "ቦታ ሰላምታ አይመልስም። የሞተችን ደህና ናት እያልክ ሶላት አስቋረጥከን።"

"አጠፋሁ፣ አባባ።"

"መሞቷን ጻፍ። ፎቶዋን አውርድ። ከዚያ በራስህ ፊት ነግድ።"

ባለሱቁ ብድግ አለ። "እሺ፣ የታዘዝኩትን አደርጋለሁ" አለ። "ግን አንድ ቃል ልናገር። እንደምትሉኝ ላደርግ ሐሳብ ነበረኝ። ከሶላቱ በኋላ ፎቶዋን ላወርድ ስል የሟቿ እናት ሱቅ ድረስ መጣች። እግሬ ላይ ወደቀች። 'አታጥፋው፣ በልጄ ሞት ይዤሃለሁ፣ እንዳታጥፋው' አለችኝ። እማማ፣ የርስዎ ልጅ ናት።"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። ይዋሻል ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን አየሁትና ተውኩት። ትልቁ ሽማግሌ "እናት እያለች በልጅ ጉዳይ አያት አትቀድምም፤ ሂጂና ጠይቂያት" አሉኝ። "እሷ ይውረድ ካለች ይወርዳል።"

እየሄድኩ የምላትን ሳሰላስል ነበር። ልቆጣት፣ ልመታትም አስቤ ነበር። ስደርስ ልጄ ግቢ ውስጥ የታጠበ የበግ ፀጉር ካቡ ላይ ታሰጣለች። ስልኩ መቀነቷ ውስጥ ነው። ከአጠገቧ ቆምኩ።

"ሱቅ ሄደሽ ነበር?"

"ሄጄ ነበር።"

"ልጅሽ መሞቷን አታምኚም?"

አንድ እፍኝ ፀጉር በተነች።

"ጠዋት ጠዋት 'ልጄ፣ በላሽ ወይ?' ብዬ እጽፍላታለሁ" አለች። "'በላሁ እናቴ' ይለኛል። ልጄ አንድ ቀን እናቴ ብላኝ አታውቅም፤ በስሜ ነበር የምትጠራኝ። ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ።"

"ካወቅሽ ታዲያ ምን ያደርግልሻል?"

"ሱቁ ነው፣ እምዬ፣ አውቃለሁ" አለችኝ። "ቢሆንም በላሁ ይለኛል።"